ሲረሱት የሚያምር ተክል

ራሔል ከእናቷ ብርጭቆ የተረፈውን ጠበል መስኮቱ ደፍ ላይ በተቀመጠው የቀለም ጣሳ ውስጥ ቀስ ብላ እያንቆረቆረች ሳለ ጣሳው ውስጥ ከተተከለው ተክል አንድ ቅጠል ወደቀ። ስታነሳው በጣቶቿ መሃል ፈሰሰ።

እናቷ ተዋበች ከተኛችበት አልጋ ሆና የምታየው ይህን ተክል ብቻ ነበር። ቅጠሉ ወፍራም ነው፣ እንደ ጽጌረዳ የተደራረበ። ጎረቤታቸው ሮማን ናት ከፒያሳ ስትመለስ ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ ገዝታ ያመጣችላቸው። "በጋው ሲጠና ጠርዙ ይቀላል፣ ደም ይመስላል" ብላቸው ነበር። ሐኪሞቹ "ወደ ቤት ውሰጃት" ካሉ ወዲህ እናቷ ስለሚመጣው ጊዜ የምትጠይቀው ይህንኑ ብቻ ነው።

"ቀላ?"

ራሔል ወጥታ ሮማንን በአጥር ጠራቻት። ሮማን መስኮቱ ሥር መጥታ ጣሳውን አወረደችና አፈሩን በጣቷ ነካችው፤ ጭቃ ነው።

"ምን አጠጥተሽው ነው?"

"የእማዬን ትራፊ ጠበል። እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋማ።"

"በየቀኑ?"

"በየጠዋቱ።"

"አንቺ ልጅ! ይሄ እኮ ሲረሱት ነው የሚያምርበት።"

"ማናት? ጴንጤዋ ናት?" አለች እናቷ ከውስጥ። "ጠበሌን ልታሚ መጣሽ?"

"ኧረ እትዬ ተዋበች፣ እኔ ምን ወጣኝ! ጾም የሚወደውን ተክል በየቀኑ አስፈሰካችሁት እንጂ።"

እናቷ ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ብዙ ቆየ።

ሮማን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ምላጭ ጠየቀች። ግንዱ ላይ ንጹሕ ቦታ ከተገኘ፣ ጫፉ ተቆርጦ ጥላ ውስጥ ጥቂት ቀን ይደርቅና እንደገና ይተከላል። ከሥሩ ቆረጠች፤ መሃሉ ቡናማ ነው። ከፍ አድርጋ ቆረጠች፤ ቡናማ። የመጨረሻው ቁራጭ ጥፍር አያክልም፤ እሱም ያው። ራሔል ቅጠሉም ሊጸድቅ ይችላል ብላ ከረገፉት አንድ ጤነኛ ፈለገች። ሁሉም ውሃ ቋጥረዋል።

"ሌላ አመጣልሻለሁ" አለች ሮማን።

"ለመቅላት ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?"

ሮማን በመስኮቱ ወደ አልጋው አየች።

ራሔል ገባች።

"ቀላ?"

"ሞተ፣ እማዬ። ውሃ በዝቶበት ነው።"

እናቷ ጣሪያውን እያየች፣ "ታዲያ ነገ ትራፊውን የት ልትደፊው ነው?" አለች።

ራሔል ወጥታ አፈሩን አጥሩ ሥር ዘረገፈችው። ጣሳውን በአሸዋ ፈትጋ አጠበችና እስከ ነገ ጠዋት እንዲደርቅ ግድግዳው ጥግ ደፍታ አስቀመጠችው።