ግማሽ ዕድሜ

ክንዱ ጎንደር ወርዶ የመድኃኒት ትምህርት ከጀመረ ወዲህ መንደሩ ኮሶዬ ሰላም አላገኘችም። ለዕረፍት በመጣ ቁጥር ራሴን አመመኝ ያለውን ሁሉ መንገድ ላይ አቁሞ «ስንት ፍሬ ዋጥህ? ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» እያለ ያፋጥጣል። ሰማያዊ ሽፋን ያላት ደብተር ከብብቱ አትለይም፤ እሷኑ እንደ ዳዊት ይደግማታል።

የመከራው ትልቅ ድርሻ የደረሰው ግን ላሳደገችው አክስቱ ለወይዘሮ ይርገዱ ነው። ስኳር በሽታ ስላለባት ጧት ጧት አንዳንድ ፍሬ እንድትውጥ ክሎርፕሮፓማይድ የሚባል ኪኒን ታዞላታል። ስሙ ለምላሷ አልመች ቢላት «ጳጳሱ» አለችው። ታዲያ ጾም በገባ ቁጥር ጳጳሱን ሙዳይ ውስጥ ከታ ትረሳዋለች። ክንዱ ይህን የደረሰበት ሁዳዴ ሊገባ ሲል ነው። በዚያው ሰሞን፣ በሽተኛ መድኃኒቱን ሲያቋርጥ የሚመጣውን ጣጣ ሁሉ ተምሮ ነበርና ቁና ቁና ተነፈሰ።

«እታባ፣ የመጣው ቢመጣ አንድም ቀን እንዳታቋርጪ! ማይልኝ!»

ማለችለት። እሷ ደግሞ ከማለች ማለች ነው።

ለፋሲካ ሲመጣ ዓርብ ማታ በእህል ጫኝ ማኪና ተንጠላጥሎ ደረሰ። እሱ ካለፈ በኋላ መንገዱ ለወታደር ኮንቮይ ተዘጋ፤ እስከ ሰኞ የሚወጣም የሚወርድም የለም ተባለ። ክንዱ እንኳን ቀደምሁ ብሎ ተኛ።

በማግስቱ፣ ቅዳም ሹር ጧት፣ አክስቱ መደቡ ላይ ጋቢ ተከናንባ ተቀምጣለች። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ የሷ ግንባር ግን በላብ ርሷል፤ እጇም ይንቀጠቀጣል።

«እታባ፣ ጳጳሱስ?» አላት እየሳቀ።

«ዋጥሁት። አስምለኸኝ የለ? ትናንትም ዛሬም፤ ያለ ውኃ።»

«ምነው ያለ ውኃ?»

«ምነው ይለኛል! አክፍዬ የለ እንዴ? ከሐሙስ ጉልባን ወዲህ አፌ ምንም አልገባ። በውኃ ብውጠው ጾሜ ሊፈርስ? ደረቁን ጉሮሮዬን እየቧጠጠ ወረደ፣ ጳጳስህ።»

ክንዱ ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። ያ ኪኒን ሰው በላ አልበላ ብሎ አይጠይቅም፤ ደም ውስጥ ያለውን ስኳር እያሳደደ ያወርዳል። ምግብ ላላገኘ ሰው እንዳይሰጥ የሚለውን ደብተሩ ላይ በቀይ አስምሮበታል፤ ገጹን እንኳ በቃሉ ያውቀዋል። ለአክስቱ የነገራት ግን «እንዳታቋርጪ» የሚለውን ብቻ ነው።

«እታባ፣ አሁኑኑ ስኳር ቅመሽ!»

«ውይ! ሁለት ዓመት ሙሉ ማር በዓይኔ ብቻ ስታሳየኝ ኖረህ፣ በቅዳም ሹር ስኳር ቅመሽ? አንተን ማን ላከህ ልጄ?»

ባሏ አያ ቢሻው በሩን ዝቅ ብሎ ገባ።

«አያ ቢሻው፣ ስኳር አለ?»

«ስኳርማ እሷው ዘንድ ነው ያለ። ሐኪሙ የነገረን ይኸንኑ አይደል?»

«የሻይውን ነው የምልህ! ስኳር አንሷታል!»

«በዝቶባታል ብለህ ጉርሻ ስትቆጥርባት ኖረህ አሁን አነሳት? የቱን እንያዝልህ?»

«ኪኒኑ ጠርጎ ወስዶታል። ካልቀመሰች ራሷን ትስታለች፤ ከሳተች ላትነቃ ትችላለች።»

አያ ቢሻው ቀልዱን ተወ። ግን እሷ ከታመመች ወዲህ ለቤቱ የሚታደለውን ስኳር ለጎረቤት እየሰጡ ኖረዋል፤ ይህንንም ያዘዘው ራሱ ክንዱ ነው። ጎረቤትም ዘንድ አንድ ጭብጥ አልተገኘም፤ የገበሬ ማኅበሩ ሱቅ እንደሆን ተቆልፏል፤ ቁልፉ ከያዘው ሰው ጋር ጎንደር ቀርቷል። ክንዱ እየለመናት ዳቦ አቀረበላት።

«ዶሮ እስኪጮህ ነው የቀረኝ፣ ሆዴ» አለች ፊቷን ወደ ግድግዳው እያዞረች። «ሠላሳ ዓመት ፈትቼው የማላውቀውን…» የቀረውን አልጨረሰችም። ጥቂት ቆይታ ክንዱን በሞተው ወንድሟ ስም ጠራችው፤ ከዚያ ጠርተው የማይደርሱበት እንቅልፍ ወሰዳት።

ክንዱ በየደጁ ቀጤማ የሚያድሉትን የነፍስ አባቷን አባ ወልደኢየሱስን ሮጦ አገኛቸው። ሊያስረዳ ደብተሩን ሲገልጥ በእጃቸው ከለከሉት።

«ለበሽተኛ ጾም የለም ብዬ ስንቴ ነገርኋት። መች ሰማችኝ? እንዳንተ ባስምላት ኖሮ!»

ለፋሲካ ያስቀመጡትን አንድ ሲኒ ማር ይዘው መጡና ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብለው «ፈትቼሻለሁ፣ ይርገዱ» አሏት። ክንዱ በጣቱ ማሩን ድዷ ላይ ቀባ። ደጋግሞ ቀባ። ዓይኗ ተገለጠ።

«ማር ነው?»

«ማር ነው እታባ።»

«ሸጋ ነው። ለፋሲካው ተረፈላችሁ?»

ሦስት ቁራሽ ዳቦም ጎረሰች። አያ ቢሻው «ዳነች!» ብሎ ሊያጨበጭብ የክንዱን ፊት አየ።

«ደሞ ምነው?»

«ኪኒኑ ገና ውስጧ ነው። ግማሽ ዕድሜው አንድ ቀን ተኩል ነው።»

«የማን ዕድሜ?»

«የኪኒኑ። በአንድ ቀን ተኩል ግማሹ ይወጣል፤ በሌላ ቀን ተኩል ከቀረውም ግማሹ። የዛሬው ላይ የትናንቱ አለበት።»

«እና አንተ የተማርኸው ማስወጫ የለውም?»

«የለውም። እስኪወጣ ስኳሩን በደም ሥር እየሰጡ ማቆየት ነው፤ ያም ያለው ጎንደር ነው።»

አያ ቢሻው ወጥቶ ቃሬዛ አበጀ። አራት ሰው ተሸክመዋት አስፋልቱን ይዘው ገሠገሡ፤ መታጠፊያው ጋ ወታደሮቹ አገዷቸው። ክንዱ የተማሪ መታወቂያውን አሳየ፣ ደብተሩን አሳየ፣ ግማሽ ዕድሜ የሚለውን ሁሉ ዘረዘረ። ወታደሩ ልጅ እግር ነው፤ አዝኖ ሰማውና «ትእዛዝ ነው ወንድሜ» አለ። ይዘዋት ተመለሱ።

እቤት ሲደርሱ ዳቦውን አስታወከችው፤ ሁለት ቀን የተኛ ሆድ አልያዘላትም። ከዚያ ወዲያ መዋጥ አቃታት። ክንዱ ፈተናው ትዝ አለው፤ ከበዓሉ በኋላ ይህንኑ ይጠየቃል፣ አንድም ሳያጎድል ይመልሳል። ሲኒውን አዘነበለው። የቀረው ማር ከሥሩ ብቻ ተጣብቋል።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አያ ቢሻው መደቡ ሥር ቁጢጥ አለ።

«አሁን ምን እየጠበቅን ነው?»

«ኪኒኑ እስኪያልቅ።»

«ማሩስ?»

ክንዱ ሲኒውን በጣቱ ጠርጎ የመጨረሻዋን ጠብታ አፏ ውስጥ አስገባ። ይርገዱ ጣቱን ነከሰችው፤ አጥብቃ ነከሰችው። እንዲህ የደስ ደስ ያለው ሕመም አይቶ አያውቅም፤ «ነከሰችኝ፣ አያ ቢሻው፣ ነከሰችኝ እኮ!» አለ እያለቀሰ። አያ ቢሻው «አይዞሽ፣ ንከሽው! ይገባዋል!» አላት።

ክንዱ ጣቱን ሳያወጣ ጠበቀ። ውጭ ደወል ተደወለ፣ ሰው ነጠላውን እያጣፋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣ። ጥርሷ ቀስ በቀስ ላላ፤ ጣቱን የሚያሞቅ ትንፋሽ አልነበረም።