ኔል ክንዷን የነከረችበት ጭማቂ

በቬስፐር መንገድ ልጆች የሎሚ ጭማቂ ጠረጴዛ ካወጡ፣ ሳይገዛ የሚያልፍ ጎልማሳ የለም። ሕግ አይደለም፤ ከሕግ ግን ይከብዳል። ሳር የሚያጭደው ማጨጃውን አጥፍቶ ይመጣል፤ ባለመኪናው ዳር ይዞ ይቆማል። ባለፈው በጋ ፓስተሩ እንኳ ለቀብር እየተጣደፉ ሳለ ቆመው፣ አንድ ኩባያ ጨልጠው ነው የሄዱት። ሟቹም የሰፈሩ ልጅ ነበርና ቅር እንደማይለው ሁሉም ተስማማ።

ሃርላን ፕሩት ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶብስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። ይህን ልማድ አጉድሎ አያውቅም። የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ግን በማእድ ቤቱ መስኮት ጉድ አየ።

የጎረቤቱ ልጆች ማርሊስና ኔል ግቢያቸው ውስጥ በባልዲ ጭማቂ ያዘጋጃሉ። የዘጠኝ ዓመቷ ማርሊስ እንደ ጄኔራል ታዛለች፤ የአምስት ዓመቷ ኔል ትታዘዛለች።

«አማስይው እንጂ!» አለች ማርሊስ፣ ካርቶን ላይ «ሎሚ» ብላ በቀለም እየጻፈች።

ኔል ማንኪያ ፈለገች፤ አጣች። ክንዷን እስከ ክርኗ ባልዲው ውስጥ ነክራ፣ ምላሷን አውጥታ፣ በጥንቃቄ ታማስል ጀመር። ሲደክማት ክንዷን አወጣች፤ ውሻቸው ዱክ መጥቶ ከጣቷ እስከ ክርኗ ጥርግ አድርጎ ላሰላት። ኔል አናቱን ዳበሰችውና ክንዷን መልሳ ከተተችው።

ሃርላን መጋረጃውን ዘጋ። ቴሌቪዥኑን ዝቅ አደረገ። «ዛሬስ ቤት የለሁም» ሲል ቆረጠ።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ።

«አቶ ፕሩት!» ማርሊስ ነች። «መኪናዎ አለ፣ እርስዎ የሉም። ሞተዋል እንዴ?»

«አልሞትኩም» አለ ሃርላን በሩን ገርበብ አድርጎ። «ሆዴን ትንሽ ቆርጦኝ ነው።»

«ሎሚ ለሆድ ፍቱን ነው። ይምጡ!» እጁን ይዛ ጎተተችው።

ጠረጴዛው ዙሪያ ግማሹ ሰፈር ተሰልፏል። ከመንገዱ ማዶ የምትኖረው ጡረተኛዋ ነርስ ኢርማ ድሬየር ኩባያዋን ይዛ ቆማለች። ሃርላን ጠጋ ብሎ አንሾካሾከላት።

«ኢርማ፣ እንዳትጠጪው። ትንሿ በክንዷ ነው ያማሰለችው።»

«እኔ እኮ ሁለተኛዬ ነው።»

«ውሻውም ልሶታል!»

«ጭማቂውን?»

«ክንዷን።»

ኢርማ ኩባያዋን አየችው፤ ከዚያ ግጥም አድርጋ ጠጣችው። «እኔ ሆስፒታል ያየሁትን ብነግርህ፣ ይሄን ጠበል ነው የምትለው።»

ሃርላን ተራው ደረሰ። ኩባያውን ወደ አፉ አስጠጋና የጠጣ መሰለ። ኔል ከሥሩ ቆማ አንገቷን ቀና አድርጋ ታየዋለች።

«አልዋጡም» አለች።

«ውጫለሁ።»

«ጉሮሮዎ አልተነቃነቀም!»

ሰው ሁሉ የሃርላንን ጉሮሮ ማየት ጀመረ። ላቡ መጣ። ሲጨንቀው ከአፉ አመለጠው፦ «አንቺ ክንድሽን ነክረሽበታል!»

«ታጥቤ ነበር!» አለች ኔል፣ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ።

«መቼ?»

«ሐሙስ!»

ሰልፈኛው ሁሉ ኩባያውን ጎንበስ ብሎ አየ። አንዱ «ወይኔ፣ ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት!» ብሎ ፈረጠጠ። ሌላው ያልጮኸ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ «ሃሎ፣ ሃሎ» እያለ ራቀ። በአፍታ ጠረጴዛው ኦና ቀረ። ኔል እዬዬዋን አቀለጠችው፤ ያቺ ጄኔራል ማርሊስም ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች።

«ጎበዝ» አለችው ኢርማ። «ከአምስት ዓመት ልጅ ጋር ገጥመህ አሸነፍክ።»

ሃርላን የሚገባበት ጠፋው። እውነቱን መናገሩ ልክ ነበር፤ ግን ልክ መሆን እንደዚህ አንገት ያስደፋል ብሎ አስቦ አያውቅም።

«ይደፋና እንደገና እንጀምር» አለ።

«ሎሚ አልቋል» አለች ማርሊስ ቀና ሳትል።

«ሎሚውን ለእኔ ተይው።»

ዘምቢሉን አንጠልጥሎ የሸሹትን ቤት ለቤት ዞረ። «ድስቱ እንዴት ሆነ?» ይላል በር ሲከፈትለት። ባለድስቱ ፊቱ ቀልቶ ካለው ሎሚ ሁሉ አሸከመው። «ማን ነበር የደወለው?» አለ ቀጥሎ፤ ከዚያ ቤት ስኳርና በረዶ አገኘ። አንዷማ ገና ሳይናገር ሎሚውን በመስኮት ወረወረችለት።

ሲመለስ ኔል እንባዋን ጠርጋ ወገቧን ይዛ ጠበቀችው።

«መጀመሪያ እጅዎን ይታጠቡ።»

ታጥቦ መጣ።

«ጥፍርዎን ያሳዩ።» አንድ በአንድ መረመረችው። «ይመለሱ።»

ተመለሰ። ሁለተኛም «አውራ ጣትዎ» ብላ መለሰችው። ኢርማ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ሳሩ ላይ ተቀመጠች።

በመጨረሻ ተፈቀደለት። ሲጨምቅ ሎሚው ጣቱ ላይ ያለች ጭረት ውስጥ ገባና «ኡ!» አለ፤ ዱክም አብሮት አላዘነ። በረጅም ማንኪያ አማሰለ። ቀጥሎ የተረሳ የሹፌር ድምፁን ከሆዱ አወጣው፦

«ቀጣዩ ፌርማታ ሎሚ! ሎሚ ጋ ወራጅ አለ?»

መንገዱ ዳር እስከ ዳር አስተጋባ። በሮች ተከፈቱ። የሸሹት እያፈሩ፣ ያልሰሙት «ምን ተገኘ?» እያሉ መጡ፤ ሰልፉ ከጠዋቱ በለጠ።

«መጀመሪያ እርስዎ ይጠጡ» አለች ማርሊስ።

ሃርላን ጨለጠው። ዓይኑ ተጨፈነ፤ ፊቱ ተሸበሸበ፤ ጉሮሮውም ሰው ሁሉ እያየው ተነቃነቀ።

«ስኳሩ…» አለ ድምፁ ሲመለስለት።

«እርስዎ የጨመሩት መስሎኝ ነበር እኮ!» አለች ማርሊስ።

ኢርማ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች። «እውነቱን ልንገራችሁ? የቅድሙ ይሻል ነበር።»

ስኳር ተጨመረበት፤ ሰልፉም ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቀጠለ። ጠረጴዛው ሲነሳ ማርሊስ ወደ ሃርላን ዞረች።

«ነገም ይመጣሉ አይደል?»

«ነገ እሑድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን አለ።»

«ከቤተ ክርስቲያን በኋላ። እንዳያረፍዱ!»

«እሺ» አለ ሃርላን። ቤቱ ገብቶ፣ የሸሚዙ እጅጌ በስኳር እንደተጣበቀ ሶፋው ላይ ጋደም አለ፤ እራቱንም ሳያስታውስ እንቅልፍ ወሰደው።