የተወዛወዘው አዳራሽ

እኔን ካሜራ ያዥ ያደረገ ሰው ቢከፋው በራሱ ይፍረድ። አባዬ ከማተሚያ ቤቱ በጡረታ ሲሰናበት ንግግሩን በስልኬ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ምስሉ ግን የመሬት መንቀጥቀጥ ዜና ይመስላል። እህቴ አየችውና፣ «ወንድምዬ፣ ስልኩን በእጅህ ነው የያዝከው ወይስ በክርንህ?» አለችኝ።

አባዬ አልሳቀም። «እሑድ ጋሼ ሊያየው ይመጣል። እንደ ምንም ብለህ አስተካክለው» አለኝ። ጋሼ ታላቅ ወንድሙ ነው፤ «አንተ ሰው ፊት ስትቆም ጉልበትህ ይከዳሃል» እያለ ዕድሜውን ሙሉ ሲያሾፍበት ኖሯል። አባዬ በዚህ ቪዲዮ አፉን ሊያስይዘው ቋምጧል።

ክፍሌን ዘግቼ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፋሁ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ምስሉ ውስጥ የማይነቃነቅ ነገር ፈልገህ ነጥብ ትተክልበታለህ። ፕሮግራሙ ነጥቡን እግር በእግር ይከተላል፤ ነጥብ የተተከለበት ቀጥ ይላል፣ የቀረው እንደ አመሉ። እኔ ግን አስቀድሜ በሐሳቤ የፊልም ድርጅት ከፍቼ፣ ሽልማት ተቀብዬ፣ ለጋዜጠኞች ስለ ትሕትናዬ ረዘም ያለ ማብራሪያ ሰጠሁ። ከዚያ ወደ ምድር ወርጄ፣ ከአባዬ ኋላ ያለው መስኮት ጥግ ላይ ነጥብ ተከልኩ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ግድግዳው ረጋ፣ መጋረጃው ረጋ፣ ከኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠው የማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅም ረጋ። አባዬ ግን ይንቀጠቀጣል። ፕሮግራሙን ሰድቤ ነጥቡን ወደ በሩ መቃን አዛወርኩ። ያው ነው። ወረቀቱ በእጁ ላይ ይርገፈገፋል፣ ጉልበቱ ይብረከረካል። ለካ አባትና ልጅ ተባብረን ነው የተንቀጠቀጥነው! የኔን ሳነሳለት የሱ ብቻውን ቀረ።

ይህንን ጋሼ ካየ አለቀ። ነጥቡን ነቅዬ የአባዬ ኮት ላይ፣ የላይኛው ቁልፍ ላይ ተከልኩት።

እሑድ ጋሼ ሶፋው ላይ ተመቻቸ። ቪዲዮውን ስከፍት አባዬ ስክሪኑ ላይ እንደ ምሰሶ ቆሟል። ከኋላው አዳራሹ እንዳለ ይናጣል፤ ሥራ አስኪያጁ ከነወንበሩ ይሄዳል፣ ይመጣል።

«ምን ጉድ ነው! ሕንጻው ሊፈርስ ነው እንዴ?» አለ ጋሼ።

አጠገቡ የተቀመጠው አባዬ ስክሪኑ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመውን ራሱን አፍጥጦ አየ። የሠራሁት ዘዴ ገብቶታል።

«እጄ ነው ጋሼ» አልኩ። «ስቀርጽ እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«አባትህስ እንዴት ቀጥ አለ?»

«እሱማ... እሱ አልተንቀጠቀጠማ!»

እህቴ ሳቋን ለማፈን ወደ ጓዳ ሮጠች። ጋሼ ስክሪኑን ትክ ብሎ ሲያይ ቆየና የወንድሙን ጀርባ መታ መታ አደረገ። «እውነትም ወንድ ነህ! ይሄን ልጅ ግን ሐኪም አሳየው።»

«አሳየዋለሁ» አለ አባዬ፣ ዓይኔን ሳያይ።

ወሬው ዘመድ ቤት ሁሉ ደረሰ። አሁን የትም ብሄድ ሻይ የሚቀዱልኝ እስከ ብርጭቆው ወገብ ብቻ ነው። ያቺን ግማሽ ሻይ ሳነሳ ሁሉም እጄን ስለሚያይ፣ እውነትም መንቀጥቀጥ ጀምሬያለሁ።