ካሮት ያልገፈፈው

…ደሙ አይቆምም፣ ሰው ነው እኮ፣ በሬ አይደለም፣ በሬው ታርዶ ቀዝቅዞ ነው እሱ ዘንድ የሚመጣው፣ ይሄ ግን ቆሞ እየተነፈሰ ነው፣ ሽርጡን ከወገቡ ቦጭቆ የታናሽ ወንድሙ እጅ ላይ ይጠመጥመዋል፣ ያጠብቀዋል፣ ጣቱስ፣ ጣቱ የታለ፣ የሥጋ መቁረጫው ግንድ ላይ ነጭ ነገር ያያል፣ አጥንት ይሁን ጣት አይለየውም፣ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ጭጋግ፣ የተረገመ ዓይን! ጎርጉሮ አውጥቶ ለውሻ ቢወረውረው ደስ ባለው። በእጁ ይዳብሳል። አገኘው። ገና ይሞቃል። ጋሼ አትጩህ፣ ይለዋል ወንድሙ፣ ማን ነው የሚጮኸው፣ ለካ እሱ ራሱ ነው።

ሥጋ ቤቱን ከከፈቱ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚሠሩት፣ ታናሽ ጎድኑን ግንዱ ላይ ይይዛል፣ ታላቅ ፋሱን ያሳርፋል፣ ቃል አይለዋወጡም፣ ዓይን ለዓይን ብቻ። አምና ነው ይሄ ልጅ የሚቆረጠውን አጥንት በጣቱ ማንኳኳት ያመጣው፣ ኳ ኳ ያደርግና እጁን ሰብስቦ፣ በል ጋሼ፣ ይላል። ምን ታንኳኳለህ፣ በር መሰለህ እንዴ! ብሎ ስንቴ ጮኾበታል። ሆዱ ግን ያውቃል። በዚያች ኳ ኳ ነበር የሚቆርጠው፣ በጆሮው፣ ለማንም ሳይተነፍስ። ዛሬ ገና ኳ ሲል ፋሱን አወረደው። በል እስኪባል አልጠበቀም። ከጠዋት ጀምሮ ደሙ ፈልቶ ነበር።

ጠዋት ሚስቱ ካሮቱን ፈቅፍቃ፣ ጎመኑን ቀቅላ፣ ብርቱካኑን ልጣ ደረደረችለት፣ ብላ፣ አንቲኦክሲደንት አለው፣ ዓይንህን ይጠብቅልሃል፣ አለችው፣ ቃሏን ከሬዲዮ ለቅማ እንደ ጸሎት ነው የምትደግማት፣ ሳህኑን አንስቶ ከግድግዳው ጋር አላተመው፣ ጥንቸል አደረግሽኝ አይደል! በላሁ፣ በላሁ፣ ምን በራልኝ! እሷ ደግሞ መች ትፈራዋለች፣ ስብርባሪውን እየለቀመች፣ ካሮቱ ምን አጠፋ፣ የዓይን ሐኪሟ ካለችህ ግማሹን ሰምተህ ግማሹን የጣልከው አንተ፣ አለችው። ሊመታት እጁን አነሳ። አነሳ እንጂ አልመታትም! ከዚያ በሩን ገንጥሎት ሊወጣ ምንም አልቀረው።

ጥሎታል፣ ምን ይዋሻል። ሐኪሟ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ አትክልትና ፍራፍሬ የዓይንዎን ሌንስ ከጉዳት ይከላከል ይሆናል፣ አደጋውንም ይቀንስ ይሆናል፣ እርግጠኛ ሆነን ግን አንናገርም፣ ሲጋራው በደንብ ይጎዳዎታል፣ ዛሬውኑ ይተዉት፣ ፀሐይ ላይ ባርኔጣ ያድርጉ፣ ስትለው እሺ እሺ ብሎ ሰማ። አንዴ ዓይንን የጋረደውን ሞራ ግን ምግብ አይገፈውም፣ መፍትሔው ቀዶ ጥገና ነው፣ ስትል ጆሮው ተደፈነ። ስለት! በዓይኑ! ስለት ምን እንደሚሠራ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል፣ ተጋድሞ ዓይኑን ሊያስበልት? ሞቶ ነው! በካሮት እገፈዋለሁ ብሎ ወጣ፣ የክሊኒኩ በር ላይም ሲጋራውን ለኮሰ፣ ጉድ እኮ ነው።

አሁን ያው ክሊኒክ። ያው ወንበር። ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ አምጥቷል፣ ነርሷ ገለጥ አድርጋ አየችውና፣ አጥንቱ ደቅቋል፣ ይሄ አይመለስም፣ አለች፣ አይመለስም፣ አይመለስም፣ ግድግዳውን በቡጢ ይነርታል፣ አንዴ፣ ደግሞ፣ የእጁ ቆዳ እስኪላጥ፣ አባቴ ይረጋጉ፣ መረጋጋት ካልቻሉ ይውጡልኝ፣ ትላለች ነርሷ፣ ወዴት ይውጣ፣ ሰው ቆራርጦ ወዴት ይወጣል። አንተ ነህ! ይላል ወንድሙ ላይ ዞሮ፣ ማንኳኳት ምን አመጣው፣ ማን አንኳኳ አለህ!

ወንድሙ ከንፈሩ አመድ መስሏል። አምና የራስህን አውራ ጣት ልትቆርጥ ነበር ጋሼ፣ ይላል፣ ፋሱ ለጥቂት ነው የሳተህ፣ አንተ አላየኸውም፣ እኔ ነኝ ያየሁት። ልንገርህ ብል ትገድለኛለህ። ዝም ብል ራስህን ትቆርጣለህ። በጆሮህ እንድታይ ብዬ ነው።

ቡጢው በራሱ ጊዜ ይፈታል። ለካ ወንድሙ ያውቅ ነበር፣ እያወቀ ነው በየቀኑ ጣቱን ከፋሱ ሥር ሲያስገባ የከረመው፣ እሱ ደግሞ ስለት ፈርቶ ካሮት ሲያኝክ፣ ፈሪ፣ ፈሪ፣ የፈሪ ፈሪ! ነርሷ መርፌና ክር ይዛ ትጠጋለች፣ እጁን ይያዙልኝ፣ እንዳይንቀሳቀስ፣ ትለዋለች። ይይዛል። ዕድሜውን ሙሉ ቆራጭ እንጂ ያዥ ሆኖ አያውቅም፣ መያዝ ለካ ከመቁረጥ ይከብዳል።

ቀጠሮ ያስይዙልኝ፣ ይላታል ነርሷን፣ ለዓይኔ፣ ለቀዶ ጥገናው። ከዚያ ወደ ወንድሙ ዞሮ፣ ፊቱ አይታየውም፣ ነጭ ጭጋግ ነው፣ እኔም ስጋደም ትይዘኛለህ፣ ይለዋል።

በየትኛው እጄ፣ ይላል ወንድሙ፣ ይስቅ ያልቅስ አይታወቅም።

በተረፈልህ።