ከፈተናው የሚርቁ

በሦስተኛው ወር በስድስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አሽከሩ ከቤተ መንግሥቱ በር ባዶ እጁን ተመለሰ። ወይዘሮ ዋንጊያ ከደጅ አየችውና የያዘችው ወንፊት ከእጇ ወደቀ። ለመንግሥት ሹመት ፈተና ፈታኝነት የታጩ ሹማምንት መኝታቸውን ጠቅልለው ነው በሩ ላይ የሚቆሙት። ስሙ የተጠራ ሰው ቤቱን ሳይሰናበት በቀጥታ ወደ ፈተናው ግቢ ይገባል፤ በሩ ይታሸግበታል፤ የሚወጣው ከወር በኋላ ነው። ባሏ ናሱታይ አምስት ጊዜ ሄደው አምስት ጊዜ ከነመኝታቸው ተመልሰዋል።

"ተጠሩ?"

"ተጠሩ እመቤቴ! ሁለተኛው ስም የእሳቸው ነው።"

ናሱታይ የእግረኛ ወታደር ልጅ ናቸው። የማንቹ ወገን የሆነ ሰው ለፈተና ከመቀመጡ በፊት ከሚጋልብ ፈረስ ላይ ቀስት ወርውሮ ማሳየት አለበት፤ እሳቸው በውሰት ፈረስ ዒላማውን መትተው ገቡ። በጋንሱ አውራጃ ሹም ሳሉ በድርቁ ዘመን ፈቃድ ሳይጠብቁ የመንግሥቱን ጎተራ ከፍተው ሕዝቡን አበሉ። ለዚህም ሁለት ማዕረግ ወረዱ፤ በቆባቸው አናት ላይ ያለው ሰማያዊ ድንጋይ በነጭ ተለወጠ። "ከሆድ ውስጥ የገባውን እህል ግን መልሰው አይወስዱትም" ብለው ሳቁ።

ዋንጊያ የምሥራቹን ልትናገር ስትሮጥ ገባችና መሀል ቤት ላይ ቆመች። ልጇ ጂሻን ትዝ አላት።

እትዬ ኒንጉ፣ የናሱታይ ታላቅ እህት፣ በሞቀው መደብ ራስጌ ላይ ተቀምጠው ፒፓቸውን ያጨሳሉ፤ ደጅ የተባለውን ሰምተዋል። ሳያገቡ የቀሩ ናቸው፤ በቤቱ ከእሳቸው ቃል በላይ የሚሆን ቃል የለም።

"ምነው? ወንድሜ ፈታኝ ሆነ ሲባል ፊትሽ እንደ ሐዘንተኛ?"

"ጂሻንስ እትዬ?"

ኒንጉ ፒፓቸውን ከአፋቸው አወጡ። ፈታኝ የሆነ ሰው ከመግባቱ በፊት የቅርብ ዘመዶቹን ስም ጽፎ ያስረክባል፤ የተጻፉት በዚያ ዙር ለፈተና አይቀመጡም። ጂሻን ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሁለቴ ወድቋል። ከነገ ወዲያ ለሚጀመረው ፈተና የጽሕፈት ብሩሹንና የማሽላ ቂጣውን በቅርጫት እያሰናዳ ነበር። ይህ ካለፈ ሦስት ዓመት መጠበቅ ነው።

"በመዝገብ እኮ የቦርጂን ልጅ ነው" አሉ ኒንጉ።

እውነት ነው። ቦርጂን ናሱታይን ከቢጫው ወንዝ ጎትቶ አውጥቶ እሱ በብርዱ የሞተ ወዳጃቸው ነው። ልጅ አልነበረውም። ናሱታይም በሬሳው ፊት በገቡት ቃል ሁለተኛ ልጃቸውን በስሙ አስጻፉለት። ጂሻን በዚሁ ቤት አደገ፤ ናሱታይን ግን "አጎቴ" ነው የሚላቸው። ዋንጊያን "እማዬ" ማለቱን ብቻ ማንም ሊያስተወው አልቻለም።

"የፈተናው ጸሐፊ አፍንጫውን አይቶ 'ይሄ የናሱታይ አፍንጫ ነው' ሊል ነው? ዝም በይ! ይግባ ልጁ።"

የዋንጊያ ልብ እሺ አለ።

ጂሻን ከጓዳ ወጣ። ሁሉንም ሰምቷል። "አጎቴ ጽፈውኝ ይሆን?"

"አይጽፍህም። አባት አይደል እንዴ?" አሉ ኒንጉ።

"እንግዲያው ውሸት ሲፈርሙ የመጀመሪያቸው ነው፤ ያውም ለእኔ ብለው። ሄጄ ስሜን ላሰርዝ። ያልጻፉኝ እንደሆነ እንዳላጋልጣቸው፣ አሞኛል እላለሁ።"

"ሞኝ! ጢምህ እስኪሸብት ተፈተን እሺ!"

ዋንጊያ ሻሿን አሰረች። "አብሬህ እሄዳለሁ።"

ወደ ፈተናው መዝገብ ቤት ሄዱ። ባሏ ጽፈውት እንዲሆን ትለምን ወይስ ሳይጽፉት እንዲሆን፣ አላወቀችም።

ጸሐፊው ከሲታ ሰው ነው፤ ቀና ሳይል "ስም?" አለ።

"ጂሻን፣ የቦርጂን ልጅ። አሞኛል፤ ልሰረዝ።"

"ከእኔ ይልቅ ደህና ትመስላለህ።" ወረቀቱን ገለበጠ፤ እጁ ቆመ። "ጂሻን? አንተማ አስቀድመህ ከተፈታኞች ዝርዝር ወጥተሃል። የፈታኞቹ ዘመዶች ስም ከግቢው የመጣልን አሁን ነው።"

ወረቀቱን አዞረላቸው። በናሱታይ ቀጥ ያለ ጽሕፈት፣ ከስሞቹ ሁሉ አናት ላይ እንዲህ ይላል፦ "ጂሻን። በመዝገብ የሟቹ ወዳጄ የቦርጂን ልጅ። በሥጋ የእኔ ልጅ።"

"የተሳሳቱ መስሎኝ ሁለቴ አነበብኩት" አለ ጸሐፊው። "ባይጽፉት ማን ይደርስባቸው ነበር?"

ጂሻን ጣቱን የመጨረሻዎቹ ቃላት ላይ አኖረ። 

"አልተሳሳቱም" አለ ጂሻን። "የእኔን ቃል ግን አስተካክልልኝ ጌታው። አሞኛል ያልኩትን ሰርዘው፤ አባቴ ፈታኝ ናቸው ብለህ ጻፍ።"