የሙርጂያ እርማት

ቲልዳ ብስክሌቷን እየገፋች ከግቢው እንደወጣች፣ ሙርጂያ ማንኪያዋን ፍሙ ላይ ጣደች። ልጅቷ ከተማ ትምህርቷ ላይ ውላ ከሰዓት በኋላ ነው የምትመለሰው። ቢሆንም ሙርጂያ አጥሩን አየች፣ መንገዱን አየች፣ ከዚያ የልጅቷን ጨርቅ ከመወጠሪያው ሳብ አደረገችው።

ምን ጉድ ነው! በሰም የተሳለችው ወፍ ደረት ላይ ሁለት ትልልቅ የሰም ጠብታዎች ወድቀዋል። የክንፏ መስመር አንድ ቦታ እንደ ገመድ ወፍሯል፣ ሌላ ቦታ ጭራሽ የለም። ሙርጂያ ጠብታዎቹን በሙቅ ውሃ አርሳ በጋለው ማንኪያ አስለቀቀቻቸው። ከዚያ በመዳብ የሰም ብዕሯ ከቀለጠው ሰም ቀዳች፣ ጫፉን እፍ አለችና የልጅቷን መስመር በራሷ መስመር ተካችው።

«ዛሬም?» አለ ባሏ ቱኪራን ለዶሮዎቹ ጥሬ እየበተነ።

«ትንሽ ነው ያስተካከልኩት።»

«በዚህ ከቀጠልሽ ዲግሪውን ላንቺ ነው የሚሰጡሽ።»

ነገሩ የተጀመረው በቅንነት ነበር። ቲልዳ ከስዊድን የመጣች ተማሪ ናት። እዚህ ጃቫ፣ ኢሞጊሪ ኮረብታ ስር፣ ሙርጂያ ቤት ስትኖር ሁለተኛ ወሯን ይዛለች። ትምህርቷ አንድ ያገር ሙያ መርጣ፣ ያለ ማንም እገዛ፣ በራሷ እጅ እንድትሠራ ያዛታል። ጓደኞቿ ሙዚቃና ወጥ ሲመርጡ እሷ ባቲክ መረጠች፤ በሰም ስሎ ጨርቅ ማቅለም። በመጀመሪያው ቀን ሰሙን ስታንጠባጥበው ሙርጂያ «በጣም ጥሩ ነው» አለቻት። ለእንግዳ ሌላ ምን ይባላል? እንግዳ ማሳፈር ነውር ነው። ልጅቷ ዞር ስትል አንዷን ጠብታ አነሳችላት። በማግስቱ አንድ ቅጠል አቃናችላት። ከዚያ ወዲያ የቱ ጋ እንደምታቆም ጠፋት።

ቲልዳም ስትመለስ ጨርቋን እያየች ትገረም ነበር። «እማ፣ ሰሙ ሲደርቅ ያምራል አይደል?»

«አዎ፣ ሲደርቅ ያምራል» ትላለች ሙርጂያ፣ ዓይኗን ምድጃው ላይ ተክላ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የዚያን ቀን ቲልዳ ፊቷ በርቶ መጣች። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ተማሪዎቹ ሁሉ በመንደሩ የሴቶች ማኅበር አዳራሽ ሥራቸውን ሊያቀርቡ ነው። ሌሎቹ ፎቶ ያሳያሉ። እሷ ግን ሁሉም ፊት ቁጭ ብላ ልትስል ለመምህሯ ቃል ገብታለች።

ሙርጂያ ሻይ መቅዳቷን አቆመች። ሃያ ባለሙያ ሴቶች እያዩ፣ እርማት በሌለበት! «ፎቶ ማሳየት አይሻልዎትም? እጅዎ ይደክማል» አለቻት።

«አይደክመኝም።»

«አዳራሹ ነፋስ አለው፤ ሰሙ ይቀዘቅዝብዎታል።»

«መስኮቱን እንዘጋዋለን።»

«ሰዉም ብዙ ነው።»

«እሱማ ነው ደስ የሚለው» አለች ቲልዳ ሻይዋን ፉት እያለች። የጃቫ ሕፃን እንኳ ሦስት ጊዜ እንዲህ ሲባል «ይቅርብሽ» እንደተባለ ይገባዋል። ለስዊድኗ ልጅ ማን ያስረዳት?

ቱኪራን ማታ እራት ላይ ሚስቱ አልበላ ስትል አያት። ባታም ደሴት ፋብሪካ የምትሠራውን ልጃቸውን አነሳ። «ራትሪ ብትሆን ምን ታደርጊ ነበር?»

«እጇን ነበር የምላት።»

«ታዲያ ይቺንስ?»

«እሷ እንግዳ ናት።»

«እንግዳማ ከሆነች ሃያ ሴት ፊት አታዋርጃት።»

በማለዳ ሙርጂያ ጨርቁን መሬት ላይ ዘረጋችው። ልጅቷን ጠራቻት። አንቱታውንም ረሳችው።

«ነይ ተቀመጪ። ይቺ ወፍ ያንቺ አይደለችም፤ የኔ ናት። በሄድሽ ቁጥር ከኋላሽ እየተከተልኩ ሳቃና ነው የከረምኩት። ሰም ሲደርቅ አያምርም። እጅሽ ይቸኩላል፣ ብዕሩንም እንደ እስክሪብቶ ትጫኚዋለሽ።»

ቲልዳ ቲማቲም መሰለች። «ሁሉንም?»

«ከታች ያለው አንድ ቅጠል ያንቺ ነው።»

አየችው። ከጨርቁ ሁሉ አስቀያሚው እሱ ነበር። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ምሳ ሰዓት ሩዙም፣ ከአኩሪ አተር የተሠራው ቴምፔም ቀዘቀዘ። ሙርጂያ በገዛ ቤቷ ሌባ የሆነች ያህል አፈረች፤ ልጅቷ ሻንጣዋን እየሸከፈች ነው ብላ በሩን እያየች አለቀሰች። አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። የቲልዳ ዓይን አብጧል፤ እጇ ላይ ያልተነካ ነጭ ጨርቅ ይዛለች።

«ስንት ቀን አለን?»

«አሥር።»

«እንግዲያውስ ይቆጡኝ።»

ሙርጂያም ተቆጣች፤ እንዴት አድርጋ! «አትጫኚው! ክርንሽን አሳርፊ! ሰሙ ሲጨስ አታይም?» ጎረቤቷ ሱቲኒ ከአጥር ወዲያ ሆና ጉድ አለች። እትዬ ሙርጂያ ፈረንጇን ስትሰድብ ትውላለች ብላ ለመንደሩ አወራች። ልጅቷንም አዝናላት የሙዝ ጥብስ ላከችላት። ቲልዳ በሰም በተቃጠሉ ጣቶቿ ሙዙን እየበላች፣ ደህና ነኝ፣ እየተማርኩ ነው ብላ መለሰችላት። በሦስተኛው ቀን ብዕሩን ወረወረችው፤ ሙርጂያ ራሷኑ እንድታነሳው አደረገቻት። በስምንተኛው ቀን መስመሩ ሳይቆረጥ መሄድ ጀመረ።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ በመምህራን፣ በተማሪዎችና በባለሙያ ሴቶች ሞላ። ቲልዳ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ አንድ ረጅም ሐረግ ከነቅጠሎቹ መሳል ያዘች። መሃል ላይ እንደገና ሰም ቀድታ ስትመለስ ጠብታ ወደቀ። ሴቶቹ ያላዩ ለመምሰል ሁሉም ባንዴ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። እሷ ግን አላቆመችም፤ እስከ ጫፉ ጨረሰችው።

እማማ ፓዊሮ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። በዚያ መንደር እሳቸው ያሉት መስመር ነው መስመር። ከተቀመጡበት አንገታቸውን አስግገው አዩና፣ «በጣም ጥሩ ነው፤ ጎበዝ ናት» አሉ። ሴቶቹ ተቀበሏቸው፤ ጎበዝ ናት፣ ጎበዝ ናት። ተጨበጨበ። የቲልዳ ፈገግታ ፊቷ ላይ ደረቀ። ያ ቃል ስንት እንደሚያወጣ አሁን ታውቃለች። ዞር ብላ ሙርጂያን አየቻት።

ሙርጂያ በዕድሜዋ ታላቅ ተናግሮ አርማ አታውቅም። ዛሬ ግን ተነሳች።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይቺ ልጅ እንግዳ አይደለችም። ጥሩ ነው እያልኩ የዋሸኋት፣ ተደብቄም የሠራሁላት እኔ ነኝ። ይህን ግን ማንም አልነካላትም። ለኔ ልጅ እንደሚነግሯት አድርገው ይንገሯት።»

እማማ ፓዊሮ ከመቀነታቸው ውስጥ መነጽራቸውን ፈልገው አጠለቁ። ጨርቁን ጭናቸው ላይ አስደረጉ።

«እዚህ ጋ ቸኩለሻል» አሉ። «ይህ ጠብታ ብዕርሽን እፍ ሳትዪ ስለመጣሽ ነው። ይህቺ ደግሞ ቅጠል አይደለችም፤ ጆሮ ናት።»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። መምህሩ ልጅቷ የተሰደበች መስሎት ሊነሳ ሲል ቲልዳ ከሁሉም በላይ ስትስቅ አየና ተቀመጠ። የአሮጊቷ ጣት ሐረጉ ላይ ደርሶ ቆመ። ወደ ላይ ሄደ፣ ተመልሶ ወረደ።

«ይህን ሐረግ ግን» አሉ፣ «እኔም አልነካውም።»

ሱቲኒ ጭብጨባዋን አቀለጠችው። ሙርጂያ ሰው አየኝ አላየኝ ሳትል አለቀሰች፤ እንዲህ ያለ ደስታ ራትሪን ከወለደች ወዲህ አላየችም። እማማ ፓዊሮ ያቺን ጆሮ ቶሎ ሊያቃኗት ብዕሩን እንድትሰጣቸው እጃቸውን ዘረጉ። ቲልዳ ብዕሩን አልሰጠቻቸውም።

«እማማ፣ እርስዎ ይንገሩኝ» አለች። «እኔ እሠራዋለሁ።»

አሮጊቷ ፈገግ አሉ፤ ምንጣፉ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት።