ጉንፋን ነው

ልብስ ሰፊዋ ልጇ ደጋግማ ስታስነጥስ ሰማችና እግሯን ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ አነሳች። ጢኒጥ የሚሏት ልጇ ገና አንድ ዓመት ከሦስት ወሯ ነው። ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጣ ክር ትመዛለች፤ ንፍጧ ከንፈሯ ላይ ደርሷል። ሌላ እናት ብትሆን ጠረግ አድርጋላት ወደ ሥራዋ ትመለስ ነበር። እሷ ግን መርፌውን ጨርቁ ላይ እንደተተከለ ትታ ተነሳች።

ከጢኒጥ በፊት ወንድ ልጅ ነበራት። የእሱም ሕመም የጀመረው በማስነጠስ ነው። ባሏ ግንበኛው «ሐኪም ቤት እንውሰደው እንዴ?» ሲላት፣ የተማሪ ደንብ ልብስ ተከምሮባት ስለነበር «ጉንፋን ነው፤ ያልፋል» አለችው። በአምስተኛው ቀን ልጁን ቀበሩት። ከዚያ ወዲህ ግንበኛው አንድም ቀን በነገር ወግቷት አያውቅም። ዝምታው ግን ከዱላ ይብስባት ነበር።

ቁም ሳጥኑን ከፍታ ከጎረቤት ለምና ያስቀመጠችውን የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ ትራፊ አወጣች። ማንኪያ ላይ ልታንቆረቁር ስትል ምን ያህል እንደሚሰጥ አለማወቋ ትዝ አላት። ጠርሙሱንም ልጇንም ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች።

ተረኛዋ ነርስ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ጎርነን ያለ ሴት ነበሩ። ጠርሙሱን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሄ ለጉንፋን ምንም አይሠራም፤ ሆዷን ያበላሽብሻል እንጂ። ለመሆኑ ከተከፈተ ስንት ጊዜው ነው?»

«ሲስተር፣ እርስዎ አያውቁም። አንዱን ጉንፋን ነው እያልኩ ነው የቀበርኩት።»

ነርሷ ጠርሙሱን ወደ ጎን አደረጉት። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» አሉ ቀስ ብለው፤ «አልፈርድብሽም። ነይ፣ በዓይንሽ እዪ።»

የጢኒጥን ልብስ እስከ ደረቷ ገልበው፣ ሰዓታቸውን እያዩ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሿን ቆጠሩ። ሠላሳ ሁለት።

«በእሷ ዕድሜ አርባ ከሞላ ሮጠሽ ነይ። ስትተነፍስ እዚህ ጋ፣» አሉና ጣታቸውን ከጎድኗ በታች አሳረፉ፤ «ወደ ውስጥ ስርጉድ ካለ፣ መጥባት ካቃታት፣ ከንፈሯ ከጠቆረ ወይም ከፈዘዘችብሽ፣ ነገ አትበይ። አሁን አንዱም የለባትም። ቶሎ ቶሎ አጥቢያት። አፍንጫዋ ሲደፈን በጨው ውሃ ጠብታ አለስልሺና ጥረጊላት። ሳሉ ሁለት ሳምንት ቢቆይም አትደንግጪ።»

ልብስ ሰፊዋ ከ«ስርጉድ» በኋላ ያለውን በደንብ አልሰማችም። ልጁ በታመመ በሦስተኛው ቀን ልታጥበው ልብሱን ስታወልቅለት፣ ትንፋሽ በሳበ ቁጥር ከጎድኑ በታች ጎድጎድ ይል ነበር። ምግብ እምቢ ብሎ ሆዱ ባዶ ሆኖ ነው ብላ ሾርባ ሠራችለት።

«ያን ጊዜ ባመጣው ይድን ነበር?»

ነርሷ የጢኒጥን ልብስ መልሰው አለበሱ። «ብዙዎቹ ይድናሉ። የእሱን ግን ልነግርሽ አልችልም፣ ልጄ።»

ቤት ስትደርስ ግንበኛው ከሥራ ገብቶ ደጅ ያለው ቧንቧ ላይ የሲሚንቶ እጁን ይታጠባል።

«ምን አሉሽ?»

«ጉንፋን ነው አሉ።»

እጁ ውሃው ሥር እንዳለ ቆመ። እሷም ነርሷ ያሳዩአትን፣ ከዚያ ደግሞ የልጁን ሆድና የሾርባውን ነገር ነገረችው። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቀችውን ቁጣ አሁን ያወርድብኛል ብላ አንገቷን ደፋች።

ግንበኛው ቧንቧውን ዘጋ። «እኔም አይቼው ነበር» አለ። «ጠዋት ስወጣ። ሥራ መቅረት ስላልፈለግሁ፣ አንቺ ጉንፋን ነው ስትዪ ደስ አለኝ። ከዚያ ባንቺ አሳብቤ ኖርኩ።»

እንዲህ ያለ ቃል ብትሰማ ሸክሟ የሚቀልላት ይመስላት ነበር። አልቀለላትም። ልጁ ሁለቱም እያዩት መሞቱ ነው የገባት።

በማግስቱ ጢኒጥ አተኮሳት። እናትና አባቷ፣ ነርሷ በኪሎዋ ለክተው ያዘዙላትን የትኩሳት ማስታገሻ ሰጧት፤ ትንፋሿንም ተራ በተራ ቆጠሩ። ሠላሳ ስድስት። ሠላሳ ሦስት። ግንበኛው አላምን ብሎ እንደገና ጤና ጣቢያ ወሰዳት፤ ያው ጉንፋን ነው ተብሎ ተመለሰ። ባልና ሚስቱ ከቁጥር ሌላ ብዙም አልተነጋገሩም።

በዘጠነኛው ቀን ንፍጧ ደረቀ። የአባቷን ሱሪ ይዛ ተነሳች፤ ለቀቀችውና ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት እርምጃ ሄደች። ግንበኛው ሊስቅ አፉን ከፍቶ አለቀሰ። ልብስ ሰፊዋ ልጇን አንስታ አቀፈቻትና ጀርባዋን ሰጥታው ማጥባት ጀመረች።